ዳይፐር መቀየርም አምልኮ ይሆናል ወይ? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ስለ ካባላ፣ ማለትም ስለ አይሁድ የምሥጢር ትምህርት ጥያቄ የላካችሁልን አንባቢዎች ብዙ ናችሁ። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁት ስለ ዕለት ሥራችሁ ነው። በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎች መርጠናል። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ ብዙውን ቦታ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ከጎንደር ወደ እስራኤል ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አሁን ነታንያ ውስጥ በአንድ ቤት አቮት፣ በአረጋውያን ቤት ማለቴ ነው፣ መታፔሌት ሆኜ እሠራለሁ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ፣ ዳይፐር እቀይራለሁ። በሰፈራችን ምኩራብ አንድ ረቢ ‹በእያንዳንዱ ነገር ውስጥ የተሰወረ የቅድስና ብልጭታ አለ፣ ሰው በሥራው ያነሳዋል› ብለው ሲያስተምሩ ሰምቼ ደስ አለኝ። በማግስቱ ሥራ ገብቼ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። አንዷ አሮጊት የእኔን ስም አታውቅም፣ የልጇንም ረስታለች፣ ስነካት ትጮሃለች። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ አባቴ ቀጥቃጭ። አገራችን በእጃችን ሥራ ስንሰደብ ኖርን፣ እዚህ ደግሞ ሌላው የማይፈልገውን ሥራ ያዝን። ኤጀንሲው የትርፍ ሰዓቴን እየቆራረጠ ነው የሚከፍለኝ። ማታ ደክሞኝ መጸለይ እንኳ ያቅተኛል። ይሄ ነው መንፈሳዊ ሥራ የሚባለው?» የሦስት ልጆች እናት፣ ከነታንያ

መልስ

እናታችን፣ ብልጭታውን ስላላዩት አይዘኑ። ትምህርቱ «ታዩታላችሁ» አይልም፣ «ታነሱታላችሁ» ነው የሚለው።

ነገሩ የመጣው «አሪ» ከሚባሉት ከረቢ ይስሐቅ ሉሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1534 ኢየሩሳሌም ተወለዱ፣ ግብፅ አደጉ፣ በ1570 ገሊላ ውስጥ ወዳለችው ከተማ ወደ ጽፋት ገቡ፣ በ1572 እዚያው አረፉ። በዚያች አጭር ጊዜ ያስተማሩትን በብዛት የጻፈው ደቀ መዝሙራቸው ሐይም ቪታል ነው። እንዲህ ይላሉ፦ እግዚአብሔር ዓለምን ሲፈጥር ብርሃኑን በዕቃዎች ውስጥ አፈሰሰ። ዕቃዎቹ አልቻሉትም፣ ተሰበሩ። የብርሃኑ ብልጭታ ከስባሪው ጋር ወርዶ በዚህ ዓለም ነገር ሁሉ ውስጥ ተበተነ። ሰው ሲበላ፣ ሲነግድ፣ ሲሠራ፣ በቀና ልብና በሕጉ ካደረገው፣ እዚያ የወደቀውን ብልጭታ ወደ ቦታው ይመልሳል። የሸክላ ሠሪ ልጅ ነዎትና ስባሪ ምን እንደሚመስል እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

አሪ ራሳቸው ግብፅ እያሉ ነጋዴ ነበሩ። ከካይሮው ጥንታዊ ምኩራብ ከተገኙት አሮጌ ወረቀቶች መካከል ስለ ቁንዶ በርበሬ ንግዳቸው የሚያወራ አለ። ከእሳቸው በኋላ የሐሲዲምን፣ ማለትም እግዚአብሔርን በደስታና በልብ ማገልገልን የሚያጎላውን የአይሁድ መንገድ የጀመሩት በዓል ሸም ቶቭም (በ1760 ነው ያረፉት) በወጣትነታቸው ካርፓቲያን ተራሮች ውስጥ ሸክላ አፈር ይቆፍሩ፣ ሚስታቸውም በጋሪ ወደ ከተማ ወስደው ይሸጡ እንደነበር ይተረካል።

አሁን ደግሞ ስለ ረቢ ሺሞን ባር ዮሃይ ልንገርዎት። የካባላ ትልቁ መጽሐፍ ዞሃር በእሳቸው ስም ነው የሚጠራው፣ ምንም እንኳ መጽሐፉ በሰው እጅ መዞር የጀመረው በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስፔን ውስጥ ቢሆንም። ተልሙድ፣ የጥንት ረቢዎች የሕግ ክርክርና ታሪክ የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ እንደሚተርከው፣ ከሮማውያን ሸሽተው ከልጃቸው ጋር 12 ዓመት ዋሻ ውስጥ ኦሪት እያጠኑ ኖሩ። ሲወጡ ሰዉ ያርሳል፣ ይዘራል። «የዘላለሙን ሕይወት ትተው ለጊዜያዊው ይለፋሉ!» ብለው ተቆጡ፣ ዓይናቸው ያረፈበት ሁሉ ወዲያው ተቃጠለ። ከሰማይ ድምፅ መጣ። «ዓለሜን ልታጠፉ ነው የወጣችሁት? ወደ ዋሻችሁ ተመለሱ!» 12 ወር ተጨመረባቸው። እንደገና ሲወጡ፣ ዓርብ ሊመሽ ሲል፣ አንድ ሽማግሌ ሁለት እስር አደስ ይዞ ሲሮጥ አዩ። ለምንህ ነው ቢሉት «ለሰንበት ክብር» አላቸው። ያኔ ልባቸው ተረጋጋ።

ይሄ ታሪክ በጣም ደስ ይለኛል። በምሥጢሩ ዓለም ከሁሉ በላይ የሚከበሩት ሰው አራሹን ናቁ፣ ሰማይም ለአራሹ ፈረደ። ልባቸውን የመለሰው ሊቅ አልነበረም፣ አደስ የተሸከመ ሽማግሌ ነው። ሰንበትን እንዲህ ማክበር ለእናንተ አዲስ አይደለም። የቤተ እስራኤል «ትእዛዘ ሰንበት» ሰንበትን እንደ ሴት አድርጎ፣ በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ስለ ሰው የምትለምን አድርጎ ይናገራል። የጽፋት ሊቃውንትም ዓርብ ማታ ሰንበትን እንደ ሙሽራ ሊቀበሉ ወደ ሜዳ ይወጡ ነበር። ጎንደርና ጽፋት ሳይተዋወቁ እዚህ ላይ ተገናኝተዋል።

እናትና አባትዎ የተሰደቡበት ነገር ግፍ ነው። ርስት ተከልክለው በሸክላና በብረት የኖሩትን ሰዎች ጎረቤት ቡዳ እያለ ይሸሻቸው ነበር፣ ማረሻና ጀበና ሲፈልግ ግን ደጃቸው ይመጣል። እንደዚያ ሲሰድባችሁ የኖረው ሰው ስለ ሥራ የነገራችሁን ዛሬ እርስዎ ራስዎ በራስዎ ላይ እንዲደግሙት አልፈልግም።

ወደ ዳይፐሩ እንምጣ። ልጆችዎ ከትምህርት ቤት ይዘውት መጥተው ሊሆን ይችላል፣ ሰው ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ እጁን ታጥቦ የሚላት አጭር ምርቃት አለች። «ሰውን በጥበብ የፈጠርህ፣ በውስጡም ቀዳዳዎችና ባዶ ቦታዎች ያበጀህ፣ ከነዚህ አንዱ ቢደፈን ወይም አንዱ ቢከፈት በፊትህ ቆሞ መኖር አይቻልም» ትላለች፣ መጨረሻዋ ላይ «ሥጋን ሁሉ የምትፈውስ፣ ድንቅ የምታደርግ» ብላ ታመሰግናለች። በተልሙድ ተጽፋለች፣ ሊቁም ተማሪውም በቀን ስንት ጊዜ ይላታል። እርስዎ የሚያፍሩበትን ነገር ሃይማኖቱ አላፈረበትም፣ ጸሎት ሠራለት። ያቺ አሮጊት ምርቃቷን ረስታ ይሆናል። ሲጨርሱ፣ እጅዎን ታጥበው፣ ስለ እሷ አስበው ቢሏት እኔ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ስለ እሷ ስለ አሮጊቷም ተልሙድ የሚለው አለ። ሙሴ የሰበራቸው የመጀመሪያዎቹ ጽላት የት ደረሱ? አልተጣሉም። ስባሪዎቹም ከሙሉዎቹ ጽላት ጋር በታቦቱ ውስጥ ተቀመጡ ይላሉ ረቢዎቹ። ከዚህ ተነስተው ያስጠነቅቃሉ፦ ያለ ጥፋቱ የሚያውቀውን የረሳ ሽማግሌ ሲገጥማችሁ ተጠንቀቁለት፣ የተሰበሩትም ጽላት በታቦት ውስጥ ናቸውና። ይሄ የተባለው ልክ እንደ እሷ ላሉት ነው። ታቦት ምን ማለት እንደሆነ ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ታቦት ተሸክሞ «ሥራዬ ዝቅ ያለ ነው» የሚል ሰው ደግሞ አላውቅም።

ታዲያ ብልጭታው የሚነሳው እንዴት ነው? ገላዋን ሲያጥቡ ስለ ሰማያት ማሰብ የለብዎትም። ከመንካትዎ በፊት ስሟን ይጠሩላታል፣ ውሃውን በክንድዎ ይሞክሩታል፣ እግሯን ሲያጥቡ ደረቷን በፎጣ ይሸፍኑላታል፣ ስትጮህ ቆም ብለው ይጠብቃሉ። ይሄን ሳያደርጉ አይቀሩም። ካባላ ካቫና የሚለው፣ ልብ እጅ ካለበት መገኘት ማለት ነው፣ እዚያው ፎጣው ላይ ነው ያለው። የረቢው ስብከት ላይ የጎደለው ይሄ ይመስለኛል፣ ሰው «ብልጭታ» ሲባል የሆነ ስሜት ይጠብቃል።

ደክሞዎት መጸለይ ስላቃተዎት አይጨነቁ። ሚሽና፣ የተልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ስብስብ፣ ሠራተኞች ዛፍ ላይ ወይም ግንብ ላይ እንዳሉ፣ ሳይወርዱ፣ «እስራኤል ሆይ ስማ» የሚለውን እንዲሉ ይፈቅዳል። ከምግብ በኋላ ያለውን ጸሎትም ለቀን ሠራተኛ አሳጥረውለታል። ስለዚህ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠው የሚሏት አንዲት መስመር ጸሎት ናት።

የትርፍ ሰዓቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፣ ዝም ብዬ አላልፈውም። ሥራዎ ቅዱስ ነው ማለት ኤጀንሲው ደመወዝዎን ይብላው ማለት አይደለም። ኦሪት ዘዳግም የሠራተኛውን ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ በቀኑ ስጠው ይላል። ሐይም ቪታል ስለ መምህሩ ስለ አሪ ምን ጻፈ መሰለዎት? ሠራተኛ አሠርተው ከሆነ ሳይከፍሉት የከሰዓት በኋላውን ጸሎት አይጸልዩም ነበር። ገንዘብ በእጃቸው ከሌለ ከዚህም ከዚያም እየፈለጉ፣ አንዳንዴ ፀሐይ ልትጠልቅ እስክትል ያዘገዩታል፣ ከፍለው ነው የሚጸልዩት። ይሄን የመሰለ ትእዛዝ እጄ ገብቶ ሳልፈጽመው እንዴት ፊቴን አቀናለሁ ይሉ ነበር። የብልጭታው መምህር እኚህ ናቸው። የደመወዝ ወረቀትዎን ሁሉ ያስቀምጡ፣ የሠሩበትን ሰዓት በደብተር ይጻፉ፣ ዕብራይስጥ አንብቦ የሚረዳዎት ልጅ ወይም ዘመድ ይዘው ወደ ሠራተኛ ማኅበር ወይም ነፃ የሕግ ምክር ወደሚሰጡ ሰዎች ይሂዱ። ይሄም መንፈሳዊ ሥራ ነው፣ ከልቤ ነው የምለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ምናልባት ጎንደር ለቀሩ ዘመዶች ገንዘብ ይልኩ ይሆናል፣ አብዛኞቻችሁ ትልካላችሁ። የሐባድ ሐሲዲም መሥራች ረቢ ሽኔኡር ዛልማን በ1796 በታተመው ታንያ በሚባለው መጽሐፋቸው ምዕራፍ 37 ላይ፣ ሰው ከእጁ ድካም ሲመጸውት በሥራው ላይ ያፈሰሰው ጉልበት ሁሉ ከምጽዋቱ ጋር ወደ ላይ ይወጣል ይላሉ። ከአምስት አንዱን ብቻ ቢሰጥ እንኳ ያቺ አንዷ አራቱን ይዛ ትወጣለች። ወገብዎን ያሳመመዎት ቀን ሙሉው ተቆጥሯል ማለት ነው።

ጥያቄ

«ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። መርካቶ ጫማ ሰፊ ነኝ፣ የምከፈለው በጥንድ ነው። ጓደኛዬ ‹አይሁዶች ሄኖክ ጫማ ሰፊ ነበር ይላሉ› አለኝ። እኛ መጽሐፈ ሄኖክ አለን፣ እንደዚህ የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም። እውነት ነው? ከሆነስ እየሰፋሁ ምን ልበል? አለቃዬ ደግሞ ማስቲሽ ቆጥብ፣ ስፌቱን አራርቀው ይለኛል።» ከአዲስ አበባ

መልስ

ወንድሜ፣ በእኛ በግእዙ መጽሐፍ ሄኖክ «ጸሐፌ ጽድቅ» ነው እንጂ ስለ ጫማ የተባለ የለም። መጽሐፉ ሙሉውን ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው፣ ከሙት ባሕር ዋሻዎች የተገኙት የአራማይክ ብጥስጣሾች ናቸው። ረቢዎቹ መጽሐፉን ከቅዱሳት መጻሕፍት አልቆጠሩትም። የሄኖክ ስም ግን በምሥጢር አስተማሪዎቹ ዘንድ አልጠፋም። የጫማ ሰፊውን ታሪክ በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የካባላ ሰዎች ተቀባብለውታል፣ በኋላ ሐሲዲሞቹ በጣም ወደዱት።

እንዲህ ነው። ሄኖክ ቁጭ ብሎ ይሰፋል። ወስፌውን ይወጋል፣ ክሩን ያሳልፋል፣ ይስባል። በእያንዳንዷ ስፌት ላይ «የመንግሥቱ ክብር ስም ለዘላለም የተባረከ ይሁን» ይላል። የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው ሶል ጋር ሲያገናኝ፣ የላይኛውን ዓለም ከታችኛው ጋር እያገናኘ ነው ይላሉ። ውብ ነው፣ አንተም ማለት ከፈለግህ በራስህ ቋንቋ፣ በራስህ ሃይማኖት «ስሙ ይባረክ» በል። ለዚህ ማንንም ማስፈቀድ የለብህም።

ግን እዚህ ላይ ሌላ ሰው ልጥራ። ሊቱዌኒያ ውስጥ የሙሳር የሚባለውን፣ በጠባይ ላይ የሚያተኩረውን መንገድ የጀመሩት ረቢ እስራኤል ሳላንተር (1810–1883) ይሄን ታሪክ በሌላ መንገድ እንደተረዱት ይነገራል። ሄኖክ እየሰፋ ሐሳቡ ሰማይ ላይ ከሆነ እኮ ገዢውን እየሰረቀ ነው። የተከፈለው ለጫማ ነውና። ስለዚህ የሄኖክ ምሥጢር ሌላ ነበር፦ ጫማውን የሚያደርገው ሰው እግሩ እንዳይጎዳ እያንዳንዷን ስፌት ጥሩና ጠንካራ ለማድረግ ማሰቡ። እኔ ከሁለቱ ይሄኛውን እመርጣለሁ። አንተ የማታውቀው ሰው፣ ምናልባት ክረምት ላይ ጭቃ እየረገጠ ሥራ የሚሄድ አባት፣ እግሩ ውሃ ሳያስገባ ይውላል፣ በምን ምክንያት እንደሆነም አያውቅም።

አለቃህ የሚልህን በተመለከተ፦ ርካሽ ጫማ ሠርቶ በርካሽ ዋጋ፣ ርካሽነቱን ሳይደብቁ መሸጥ ኃጢአት አይደለም። ደካማ ስፌት ሠርቶ እንደ ጠንካራ መሸጥ ግን ማታለል ነው። ተልሙድ ሰው ለፍርድ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ንግድህን በታማኝነት አካሄድክ ወይ?» ተብሎ ነው ይላል። ስለ ኦሪት ጥናቱ የሚጠየቀው ከዚያ ወዲህ ነው። በተለይ ሶሉ ሥር፣ ማንም በማያይበት ቦታ ያለችውን ስፌት አታራርቃት። አለቃህንም «የተመለሰ ጫማ ከማስቲሹ በላይ ያከስረናል» ብለህ ሞክረው፣ በእሱ ቋንቋ ነው የነገርኸው።

ጥያቄ

«ውርርድ ቤት ቲኬት እቆርጣለሁ፣ የኳስ ቤቲንግ። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ እናቴንና ወንድሞቼን የማኖረው በእሱ ነው። አለቃችን ተሸንፎ የሚወጣውን ሁሉ ‹አንድ ዕድል ሞክር› በሉት ይለናል። ይሄ የካባላ ትምህርት በማንኛውም ሥራ ውስጥ ብልጭታ አለ ካለ፣ እኔም በጥሩ ሐሳብ ብሠራው፣ አሥራትም ባወጣበት፣ ይቆጠርልኛል ወይ?» ስሜ ይቆይ፣ ከሐዋሳ

መልስ

አይ፣ ወንድሜ። ሥራህ በዚህ መንገድ አይነሳም።

ትምህርቱ «ማንኛውም ሥራ» አይልም። ቅድም የጠቀስነው ታንያ ነገሮችን በግልጽ ይለያቸዋል። የተፈቀደው ነገር፣ ምግብ፣ ንግድ፣ እርሻ፣ ቅርፊት እንደሸፈነው ብርሃን ነው፣ ሰው በቀና ልብ ሲጠቀምበት ይነሳል። የተከለከለው ደግሞ ብርሃኑ ታስሮበታል፣ የአንተ መልካም ሐሳብ አይፈታውም። ከዚያ የሚገላግለው መራቅ ነው። ሚሽና በቁማር የሚኖሩትን ሰዎች ምስክርነታቸውን እንኳ አይቀበልም፣ ከአራጣ አበዳሪ ጋር ነው የቆጠራቸው። አንተ ተቀጣሪ ሠራተኛ ነህ፣ ቤቱ የአንተ አይደለም፣ ልዩነቱ ይገባኛል። ግን «ሞክር» የሚለው ቃል የሚወጣው ከአንተ አፍ ነው፣ ልጁም የሚሰማው አንተን ነው።

አሥራቱም አያጥበውም። በዳስ በዓል የተሰረቀ ዘንባባ ይዞ የሚጸልይ ሰው ግዴታውን አልተወጣም ይላል ተልሙድ፣ በኃጢአት የመጣ ጽድቅ ነውና።

እናትህን ማኖርህ ግን እውነተኛ ግዴታ ነው፣ ነገ ተነስተህ ባዶ እጅህን ውጣ የሚልህ ሰው እናትህን አያበላልህም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምረህ ሌላ ሥራ ፈልግ፣ ለጓደኞችህ ንገር፣ ደመወዙ ቀነስ ቢልም ለቤተሰብ ምክንያቱን አስረድተህ ግባበት። ቲኬት መቁረጥ ከቻልህ ሱቅ ውስጥም ፋርማሲ ውስጥም ካሸር መሆን ትችላለህ። እስከዚያው የመጣውን ሰው የጠየቀህን ቁረጥለት፣ ከዚያ አትለፍ። ገንዘቡን ጨርሶ ሊወጣ የተነሳውን ልጅ «አንድ ዕድል ሞክር» ብለህ አትመልሰው፣ አለቃህ ቢቆጣም።